የስንብቱ ቀን መቼ ነው?

ባለፈው ሰሞን ከሰፈራችን አባወራ ወታደሮች የአንዱ ባለቤት በሰላም ተገላግላ ነበርና፣ ደስታቸውን ለመካፈል እኔም ከባልደረቦቼ ጋር ወደ ቤታቸው ጎራ ብዬ ነበር። አራሷን ሊጠይቁ ከደጋው የመጡት ወላጅ እናቷ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ። ገንፎው ተበልቶ፣ ምርቃቱ ወርዶ፣ ጨዋታው ከደራ በኋላ እማማ ወደ እኔ ዘወር አሉና፣ «ልጄ፣ ወታደሩን የምታስተምረው አንተ ነህ አሉኝ። እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ይህ የልጄ ባል የሚሰናበትበት ቀን ተጽፏል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎን እማማ፣ በውሉ ላይ ተጽፏል» ብዬ መለስኩላቸው። አላመኑኝም። ልጃቸው ከአልጋው ሥር ካለው ሣጥን ወረቀቱን አውጥታ እስክታነብላቸው ድረስ ዐይናቸውን ከፊቴ ላይ አልነቀሉም። ቀኑን ሰሙ፤ ወሩን ሰሙ፤ ዓመተ ምሕረቱንም አስደግመው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ነበር «እንግዲያስ ደግ» ብለው ረከቦቱን ወደ ራሳቸው የሳቡት።

የጥያቄያቸው ምሥጢር የገባኝ ቆይቶ ነው። እማማ ሁለት ወንድሞች ነበሯቸው። ታላቅየው በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ታናሽየው በሚቀጥለው ዓመት ስሙ እንደተያዘ በሰማ ጊዜ ሌሊት ወጥቶ፣ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ፣ ኑሮውን መፋዛ ላይ አደረገ። የአንድ እናት ልጆች በሁለት መንገድ ሄዱ ማለት ነው። ታሪኩን እንድጽፈው እማማ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን ትቼዋለሁ። ስለ ወንድሞቻቸው ከመናገሬ በፊት ያ ጥሪ ምን ዓይነት ጥሪ እንደ ነበረ ማስረዳት ይገባኛል፤ ከዛሬው ወታደር አብዛኛው በዚያን ዘመን አልተወለደምና። ይህን የሚጽፈው ራሱም አልተወለደም።

በአገራችን ለጦር መጠራት ጥንታዊ ነገር ነው። ነጋሪት ተጎስሞ ክተት ሲታወጅ ባላባቱ ጭፍራውን፣ ገበሬውም መሣሪያውንና ስንቁን ይዞ ይወጣል። ሚስቲቱም አብራ ትዘምታለች፤ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ የቆሰለ ታነሣለች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት ሠራዊት የተሰበሰበው በዚሁ ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ ግፍ አልነበረበትም አንልም፤ ሠራዊቱ ያለፈበት አገር ያለ እህልና ያለ ከብት ይቀር ነበር። ይሁን እንጂ ዘመቻ ወራት ነበረው። በበጋ ይወጣል፤ ሰኔ ሲገባ በሕይወት የተረፈው ወደ እርሻው ለመመለስ ያስባል። ይህንን ሚስትም፣ እናትም፣ ጌታውም ያውቁታል።

በኋላ ዘመን የተደራጀው ቋሚ ጦር በአመዛኙ በፈቃዱ በሚቀጠር ወታደር የቆመ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ በመጣ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከየገበሬ ማኅበሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ በታጠቅ ጦር ሰፈር ለጥቂት ወራት ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ግንባር ዘመተ። ከዚያም በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ቁጥር 236 ወጣ። አዋጁ በጽሑፍ ሲታይ ግልጽ ነበር፦ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ዜጋ 6 ወር ይሠለጥናል፣ 2 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ በኋላ 50 ዓመት እስኪሞላው በተጠባባቂነት ይቆያል። የመጀመሪያው ጥሪ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ተደርጎ 60,000 ያህል ወጣቶች ተሰበሰቡ። እስከ 1979 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥም ሦስት ተጨማሪ ጥሪዎች ተከተሉ።

የዚህን አዋጅ ቅርጽ የተመለከተ ሰው የሶቪየት ኅብረትን ሕግ ማስታወሱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ መሣሪያው ከዚያ ይመጣ ነበር፤ አማካሪው ከዚያ ይመጣ ነበር፤ ብዙ መኮንኖቻችንም ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለዋል። የሶቪየቶች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1967 እንደ ተሻሻለው ወጣቱን በ18 ዓመቱ ይጠራል፤ በምድር ጦር 2 ዓመት፣ በባሕር ኃይል መርከብ ላይ 3 ዓመት ያስገለግላል፤ ከዚያም ተራውን ወታደር እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት ይመዘግባል። ቁጥሩ ከእኛው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ያስተውል።

አፈጻጸሙ ግን ለየቅል ነበር። በሶቪየት አገር እያንዳንዱ ልጅ ሲወለድ ይመዘገባል። ዕድሜው 17 ሲደርስ በሚኖርበት ወረዳ ባለው ወታደራዊ ኮሚሳሪያት ቀርቦ ስሙን ያስገባል፤ ሐኪሞች ያዩታል፤ ዐይኑ፣ ልቡ፣ እግሩ ይመረመራል። በትምህርት ላይ ያለ ወይም የቤተሰብ ችግር ያለበት ለጊዜው ሊታለፍ ይችላል። ጥሪው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በበልጋቸው፣ በትእዛዝ ይታወጃል። የጥሪ ወረቀት በእጁ ሲደርሰው ቤተሰቡ ድግስ ይደግሳል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ይዘፈናል፣ ይለቀሳል። በማግሥቱ ፀጉሩን ተላጭቶ ባቡር ይሳፈራል። በአብዛኛው የሚላክበትም ከተወለደበት የራቀ ነው፤ የኡዝቤኩ ልጅ ወደ ሳይቤሪያ፣ የዩክሬኑ ወደ ሩቅ ምሥራቅ። ብዙዎቹ ጠመንጃ ከመያዝ ይልቅ በግንባታ ሻለቆች ውስጥ አካፋ ይዘው ጊዜያቸውን ጨርሰዋል።

ይህን ስል ሁሉም ነገር የሠመረ ነበር ማለቴ አይደለም። ቀድሞ የገባው ምልምል በኋላ የመጣውን እየደበደበ ጫማውን የሚያስጠርግበት፣ ምግቡን የሚነጥቅበት ክፉ ልማድ በጦር ሰፈሮቻቸው ሥር ሰድዶ ነበር። ሊሰናበት ወራት የቀሩትን ምልምል «አያት» ብለው ይጠሩት ነበር። የሃያ ዓመት አያት! በአፍጋኒስታን ጦርነትም እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1989 ድረስ 15,000 ያህል የሶቪየት ወታደሮች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚሁ ጥሪ የመጡ ልጆች ነበሩ። እናቶች በግልጽ ተደራጅተው የወታደር እናቶች ኮሚቴ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር ነበራቸው። ጥሪው በዓመት ሁለት ጊዜ ሲወጣ፣ በዚያው ትእዛዝ ጊዜውን የጨረሰው ይሰናበታል። ወታደሩ ይህንን ያውቃልና ትእዛዙ ሊወጣ 100 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ቀኑን እየቆረጠ መቁጠር የታወቀ ልማዱ ነበር። ሙሽራይቱም በመንደሯ ሆና አብራው ትቆጥራለች።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። አዋጁ «ከ18 እስከ 30 ዓመት» ሲል በየትኛው ወረቀት ሊያጣራ ነበር? በአገራችን የልደትና የሌሎች ወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ይህም አዋጁ ከወጣ ከ33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1977 ዓ.ም. የአንድ ገበሬ ልጅ ዕድሜ በእናቱ አፍ ብቻ ይታወቃል፤ «በኩፍኝ ዘመን የተወለደ»፣ «ቀዩ በሬ በሞተበት ዓመት» እየተባለ። ስለዚህ የሊቀ መንበሩ ዐይን መዝገብ ሆነ። እማማ እንዳጫወቱኝ፣ በእርሳቸው ቀበሌ ቁመቱ የረዘመ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሲሄድ፣ አጭሩ ግን የሃያ ሁለት ዓመቱ ቀርቷል። በግ ያቀረበም ቀርቷል ይላሉ።

ከላይ ኮታ ይወርዳል፤ ቀበሌው ወይም የገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ሰው አምጣ ይባላል። ኮታው በስም ዝርዝር ሳይሞላ ሲቀር አፈሳ ይከተላል። ገበያ ውሎ የሚመለስ፣ ከሲኒማ ቤት የሚወጣ፣ ከዘመድ ቤት ያደረ ተይዞ ይጫናል፤ በሌሊትም ቤት ለቤት ይታሰሳል። ገንዘብ ያለው ልጁን ወደ ውጭ አገር ይልካል ወይም ባለሥልጣን ይደልላል፤ የሌለው ገጠር ለገጠር ያሸሻል። የእማማ ታላቅ ወንድም የተያዘው ቅዳሜ ገበያ ጨው ሊገዛ ወርዶ ነው። ጨዉን ያመጣላቸው ጎረቤት ነበር።

እዚህ ላይ ለወታደር ሚስቶች የሚነገር ነገር አለ። ታላቅየው ባለትዳር ነበር፤ ሚስቱም የስምንት ወር እርጉዝ። በደጋው አገር ሴት አረም ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እህል ታመላልሳለች፣ ከብት ታግዳለች፤ ሞፈር ግን አትይዝም። ልማዱ አይፈቅድላትም። በሕጉ የገበሬ ማኅበሩ የዘማቹን መሬት ተባብሮ እንዲያርስለት ግዴታ ነበረበት፤ ማረሱም አልቀረም። ነገር ግን ሁሉም በመጀመሪያ የራሱን ያርሳል። የዘማቹ መሬት የሚታረሰው ሌላው ሁሉ ከታረሰ በኋላ፣ ዝናቡ ካለፈ ወይም መሬቱ ከጨቀየ በኋላ ነው። ሚስቲቱ በሁለተኛው ዓመት መሬቱን ለእኩል ሰጠች፤ ምርቱ ተካፍሎ ግማሹ ለአራሹ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት፣ ሁለት ዓመት ከስድስት ወሩ ተቆጥሮ ሲያልቅ፣ ጠላ ጠመቀች። ባሏ አልመጣም። ያንን ጠላ ማን እንደጠጣው እማማን ብጠይቃቸው «እኔ እንጃ፤ ደፋችው መሰለኝ» አሉ።

ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ በጊዜያቸው ሊሰናበቱ አልቻሉም። ጦርነቱ እየከፋ ሄደ፤ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ከወደቀ በኋላ የተያዘው ወታደር ሊለቀቅ ቀርቶ አዲስ ምልምል በጥድፊያ ይጨመርበት ጀመር። ለቤቱ የሚላከው ደብዳቤ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱም አይደርስም። ወታደሩ የሚቆጥረው ቀን አልነበረውም።

ከባልደረቦቼ አንዱ ይህን ጽሑፍ ገና በረቂቁ አይቶት፣ «ጦርነት ላይ ያለ አገር የስንብት ቀን ቆርጦ ሊያስቀምጥ ይችላልን?» ብሎ ሞግቶኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሶቪየቶችም በታላቁ ጦርነት ጊዜ ማንንም በቀኑ አላሰናበቱም። ነገር ግን ጦርነቱ በግንቦት 1945 እ.ኤ.አ. ተፈጽሞ፣ በሚቀጥለው ወር ማለትም በሰኔ 23 በወጣ ሕግ በዕድሜ አንጋፋ የሆኑት 13 ዕድሜ ክፍሎች እንዲሰናበቱ ተወሰነ። ማን መቼ እንደሚሄድ ተለይቶ ታወቀ። ቀኑ ሊዘገይ ይችላል፤ ተራ መኖሩ ግን ሰውን ይይዛል። ለባልደረባዬ የመለስኩለት ይህንን ነው፤ እርሱም ግማሽ በግማሽ ተስማምቶኛል።

ስለ ታናሽየው እንናገር። መኮንን ነኝና ከጥሪ መሸሽን ላወድስ አልችልም፤ የሄደው ልጅ ፋንታ በኮታው ላይ ሌላ የድኻ ልጅ ተጽፏልና። ይሁን እንጂ በደጅ የታላቅ ወንድሙን ሚስት ያያል። እማማ ለመንገድ በሶ አዘጋጅተው ሰጡት። ከመተማ ወዲያ ያለችው ገላባት ናት፤ በመካከል ያለው ወንዝ በበጋ ደረቅ ነው። ከዚያ በዶካ አድርጎ ገዳሪፍ ገባ። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው፤ ሰፊው ጥቁር መሬት በክረምት አረም የሚያርም፣ ክረምቱ እንዳለፈም ሰሊጡ ከመፈንዳቱ በፊት የሚያጭድ ብዙ እጅ ይፈልጋል። በዚያን ዘመን ከኢትዮጵያ የሄደ ስደተኛ በገዳሪፍና በዙሪያው በመቶ ሺህ ይቆጠር ነበር፤ ከጥሪ የሸሸው፣ ከጦርነት የሸሸው፣ በ1977ቱ ድርቅ የተሰደደው ሁሉ ተቀላቅሎ። ኡም ራኩባን የመሰሉ መጠለያዎች የታወቁት በዚያው ዓመት ነው።

መፋዛ ከገዳሪፍ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በራሃድ ወንዝ ዳር ናት። ራሃድ ከእኛው ደጋ፣ ከጣና ምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ ወደዚያ የሚወርድ ወንዝ ነው። በክረምት ሞልቶ ይጓዛል፤ በበጋ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ታናሽየው ከዓመታት በኋላ በነጋዴ እጅ በላከው ደብዳቤ፣ ወንዙ ሲሞላ ዳሩ ላይ ቆሞ የአገሩን አፈር በውኃው ውስጥ እንደሚያይ ጽፎ ነበር። ቀን ቀን ሰሊጥ ያጭዳል፤ ማታ አረብኛ ይማራል። መመለስ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የከዳ ሰው ተብሎ ስንት ዓመት ይታሰራል፣ ወይስ ተይዞ ወደ ግንባር ይላካል፣ የሚነግረው አልነበረም። እርሱም እንደ ወንድሙ ቀን አልነበረውም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መጣ። በ16ኛው ቀን አሥመራ ስትለቀቅ በኤርትራ የነበረው ጦር በከረንና በተሰነይ በኩል ወደ ሱዳን ጎረፈ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ውኃ ጥሙን ችሎ ከሰላ ደረሰ። የእማማ ታላቅ ወንድም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ከሰላና ገዳሪፍ በአንድ የአስፋልት መንገድ የተያያዙ ከተሞች ናቸው። እንግዲህ በዚያ ክረምት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ጥሪውን የተቀበለውና ጥሪውን የሸሸው፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ርቀት ላይ ስደተኞች ነበሩ። አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም። ታላቅየው ታናሹ እቤት ያለ መስሎታል፤ ታናሽየው ታላቁ የሞተ መስሎታል።

ታላቅየው በዚያው ዓመት ተመለሰ። የቀድሞው ሠራዊት ተበትኖ ስለ ነበር መልሶ የሚያቋቁመው ኮሚሽን 455,000 ያህል ወታደሮችን መዝግቦ ሲያሰናብት እርሱም ስሙ ተጻፈ፤ የእህልና የጥቂት ገንዘብ እርዳታ ይዞ መንደሩ ገባ። በአዋጅ 2 ዓመት ከ6 ወር የተባለው አገልግሎት 6 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖ ነበር። በሚስቱ ማሕፀን ትቷት የሄደው ሴት ልጁ ከብት ስታግድ ነው ያገኛት። «አጎቴ» አለችው።

ተመሳሳይ ነገር በሌላም አቅጣጫ ደርሷል። በኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የብሔራዊ አገልግሎት ሕግ ጊዜውን 18 ወር ብሎ ወስኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ግን ለብዙዎች ማብቂያ የሌለው ሆነ። ከዚያ የሸሸውም ወጣት መንገዱን ያደረገው ወደዚያው ወደ ከሰላና ወደ ገዳሪፍ ነበር። ሰው የሚሸሸው ጥይትን ብቻ ይመስለናል፤ እኔ ግን ከእማማ ከሰማሁ ወዲህ ቀን ማጣትም የሚያሸሽ ነገር እንደሆነ አምኛለሁ።

ታናሽየው አልተመለሰም። መፋዛ ላይ አግብቶ፣ ወልዶ፣ እዚያው አረፈ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ግን መንገዱ ተገለበጠ፤ ሰው ከገላባት ወደ መተማ ይሻገር ጀመር። ከተሻገሩት መካከል ካርቱም ይሠራ የነበረው የታናሽየው ልጅ ነበረበት። ሁለቱም ተፋላሚዎች ወጣት እየፈለጉ ነበርና እርሱም እንደ አባቱ ስሙ ሳይያዝ ወጣ። እማማ ከደጋው ድረስ መጥተው አዩት። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ሳቁ ግን የአባቱ ነው አሉኝ። ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ አሳያቸው፤ ማንበብ ባይችሉም አንድ ሰው አነበበላቸው። የልደት ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ነበር።

እግረ መንገዴን ለሰፈራችን እናቶች ላስታውስ፤ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጓል። ባሎቻችሁ ግዳጅ ላይ ቢሆኑም ከጤና ጣቢያው የተሰጣችሁን ማስታወቂያ ይዛችሁ ራሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። አራሷን ስለዚሁ ጉዳይ ልጠይቅ ስል እማማ ቀድመውኛል። የሕፃኑን የልደት ማስታወቂያ በአራት አጥፈው፣ በመሐረብ ቋጥረው፣ ከአልጋው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ከአባቱ ውል ላይ ደርበው አስቀምጠውታል።